ያልተማለበት እጅ

ደሴ ላይ ምሳ የት እንደምንበላ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ሐቅ እስከ ዛሬ ማንም ሊቀማኝ አልቻለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ "መራጯስ እኔ ነበርኩ" እያለች ትከራከረኝ ነበር፤ ጎረቤታችን አያ ዓሊም "ሁለታችሁም ውሸታሞች፣ እኔ ነኝ" ይል ነበር። ይበሉ ግድ የለም። የአባቴን ምርኩዝ ጫፍ የያዘው እጅ ግን የማን ነበር? የእኔ።

ዘመኑ 1954 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ስምንት ዓመቴ። አባቴ ቄስ ገብረ ሊባኖስ የሰቆጣ ሰው ሁሉ በድምፁ የሚያውቀው ካህን ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ጧፍ ቢያበሩለት ብርሃኑን እንጂ ጧፉን አያይም። ዳዊቱን በቃሉ ይደግማል። መቅደስ መግባቱን ግን ትቶ ቅዳሴውን ከውጭ ሆኖ ይሰማል፤ ይህ ከዓይኑ ይልቅ ያመው ነበር። ለመንገዱ እኔ አለሁለት። የምርኩዙን አንድ ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን እኔ፤ ወደ ሳብኩት ይሄዳል። በሰቆጣ ልጆች መካከል ቄስ የሚነዳ እኔ ብቻ ስለ ነበርኩ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ደሴ ሞራ የሚገፍፍ ሐኪም መጥቷል የሚለውን ወሬ ያመጣልን አያ ዓሊ ነው። አያ ዓሊ ነጋዴ ነው። ከሰቆጣ ማርና ቅቤ ይዞ ደሴ ይወርዳል፣ ከደሴ አቡጀዲና ኩራዝ ይዞ ይመለሳል። ልጁ ሰላሕ እኩያዬ ነው። አንድ ጊዜ አባቱን ተከትሎ ደሴ ስለ ሄደ ብቻ እኛን ሰፈርተኞቹን እንደ ጥጃ ነበር የሚያየን። እንሄዳለን መባሉን ሲሰማ ጠርቶኝ፣

"ፓስታ በልተሽ ካልመጣሽ ደሴ ሄድኩ አትበይ" አለኝ።

"ምንድን ነው ፓስታ?"

"ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ማለቂያ የለውም። አንዱን ጫፍ አፍሽ ታስገቢያለሽ፤ ሌላው ጫፍ እስኪመጣ ትስቢያለሽ።"

"የት ነው የሚበቅል?"

"ጣሊያን ዘርቶት የሄደ ነው" አለ፣ ሳያፍር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሌሎቹ ለአባቴ ዓይን ይጸልያሉ፤ እኔ ለዓይኑም ለፓስታውም እጸልያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ፓስታው ይበልጥ ነበር።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ ይታየሽ ገዳም ገብታለች። እኔ የተነገረኝ ይህ ነው። ስትሄድ አራት ዓመቴ ስለ ነበር የማስታውሰው ጀርባዋን ብቻ ነው፤ አዝላኝ ትውል ነበርና። ከፊት ቢያሳዩኝ አላውቃትም፤ ከኋላ ቢያሳዩኝ ግን የአንገቷን ሥር ምልክት ሳይቀር እለይ ነበር።

ገዳም የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ ብታውቁት ይሻላል። ይታየሽ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከሰቆጣ በታች ወዳለው ቆላ፣ ዝቋላ ወርዳ ተዳረች። አምስት ወር ቆይታ ጠፋች። አባቴ ለሙሽራው አባት ቃሉን የሰጠ ሰው ነበርና በአገር ፊት አፈረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቆሞ፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ "ከእንግዲህ ከይታየሽ እጅ እህል ብቀምስ ክህነቴን ያንሣኝ" አለ። ቄስ አይምልም፤ ቄስ የማለ ቀን ግን መመለሻ የለውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ዓመት ሳይሞላ አያ ዓሊ ደሴ ውስጥ አገኛት። ምግብ ቤት ታበስላለች። አባቷን ከመፍራቷ የተነሣ አያ ዓሊን ያለችበትን ቤት ለቤተሰቧ እንዳይናገር በቁርኣን አስማለችው። ስለዚህ በሕይወት መኖሯን ለእናቴ ሹክ አላት እንጂ ቤቱን አልነገራትም። እናቴ ወለተ ሰንበት ሦስት ዓመት ይህን በሆዷ ይዛ ኖረች። የአባቴ ጉዞ ሲቆረጥ ግን ወደ አያ ዓሊ ሱቅ ሄደች።

"ዓይን በቢላዋ የሚነካ ነገር ነው፣ ምን ይታወቃል" አለችው። "ሐኪሙ ሳይነካው በፊት አባትና ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጡልኝ። ሌላ አልለምንህም።"

"ወለተ ሰንበት፣ ያለችበትን አልናገርም ብዬ ምያለሁ" አላት አያ ዓሊ። ከዚያ ሚዛኑን እየወለወለ፣ "ደሴ ስገባ ሻይ የት እንደምጠጣ ግን ማንም አላስማለኝም።"

እናቴ ወዲያው ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች። እኔም አብሬ መዝለል።

እስከ ቆሬም ሁለት ቀን ሄድን፤ አባቴ በበቅሎ፣ እኛና አያ ዓሊ በእግር። ቆሬም አውቶቡስ ተሳፈርን። ተሳፈርን ስል ቀላል አይምሰላችሁ! ቤት ተነሥቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር። የግራ ካሱን ቁልቁለት ስንወርድ ሰው ሁሉ ስለት ይሳላል፣ ሴቶቹን ያስመልሳቸዋል፣ እኔ ደግሞ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ "አባ፣ ገደሉ ይታየኛል! አባ፣ መጨረሻው አይታይም!" እያልኩ አወራለታለሁ።

"ዓይን ማጣት ለካ የሚጠቅምበት ቦታ አለ" አለ አባቴ፣ ዳዊቱን አቋርጦ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ።

ሐሙስ ማታ ደሴ ገብተን መንገደኛ የሚያድርበት ቤት አደርን። ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ አባቴን አየው፤ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ በመብራት ተመለከተና "ሰኞ እንሠራዋለን" አለ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ምንም ሥራ አልነበረንም። ዓርብ ስለ ሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም፤ እኔም ሰባት ዓመት ከሞላኝ ወዲህ ጿሚ ነኝ። የቀረን ነገር ቢኖር ዘጠኝ ሲሆን የት እንደምንበላ መምረጥ ነበር።

ባዶ ሆድ ይዞ ደሴን መዞር እንዴት ያለ ነገር ነው! በየበሩ ሽታ አለ። ዳቦ ይሸታል፣ ዘይት ይሸታል፣ በርበሬ ይሸታል። ሰው ቤቱ ሳይሆን ሰው ቤት ሄዶ ይበላል፤ ሲጨርስም "እግዜር ይስጥልኝ" ሳይል ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ ብቻ ለሰላሕ የማወራው የአንድ ወር ወሬ ነበር።

ከአንድ ባለ መስተዋት በር ቤት ፊት ለፊት ስንደርስ ምርኩዙን ይዤ ቆምኩ። አባቴም ከኋላዬ ቆመ፤ ምን ያድርግ። ውስጥ አንድ ባለ ከረባት ሰው ተቀምጦ ነጩን፣ ረጅሙን፣ ማለቂያ የሌለውን ነገር በሹካ ይጠቀልላል። ሰላሕ ዋሽቷል፤ አይሳብም፣ ይጠቀለላል። አፍንጫዬን መስተዋቱ ላይ ለጥፌ ሰውየው የመጀመሪያዋን ሲጎርስ እኔም አብሬው ዋጥኩ።

"እማ፣ እዚህ! እዚህ እንብላ!"

እናቴ ወደ በሩ ጠጋ ብላ አየር ሳበች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። "እዚህ አይደለም" አለችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ቀጥሎ ባለው ቤትም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ቀጥሎ ባለውም። በር ላይ ቆም ትላለች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታሸታለች፣ ራሷን ነቅንቃ ትሄዳለች። ከተሜ ምግብ ቤት የሚመርጠው እንዲህ ነው ብዬ እኔም እየተከተልኩ ማሽተት ጀመርኩ። እሷ አንዴ ስትስብ እኔ ሦስቴ እስባለሁ። አንዲት ሴትዮ ከበሯ ላይ፣ "ምነው፣ ጉንፋን ነው?" ብላ ጠየቀችን።

ጉንፋንስ አልነበረም። እናቴ ጦስኝ ነበር የምትፈልገው። ከደሃና ደጋ የሚመጣ ጦስኝ አድርቃ፣ ፈጭታ፣ ሽሮዋ ውስጥ መጨመር የእሷ ብቻ አመል ነበር፤ ለይታየሽም ያስተማረቻት ይህንኑ ነው። አያ ዓሊ ጁምዓ ሊሰግድ መስጊድ ስለ ሄደ፣ እሱ እስኪመለስ መታገሥ አቅቷት፣ ልጇን በደሴ ከተማ በአፍንጫዋ እየፈለገች ነበር። እኔ ደግሞ ከጎኗ ሆኜ ፓስታ አሸታለሁ።

"ይቺ ሴትዮ ዛሬ ደሴን በአፍንጫዋ ልትለካት ነው?" አለ አባቴ፣ እግሩ ሲደክመው። "ቄስ ሆቴል ገብቶ ሲበላ የት አይታችኋል? ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሂዱ። ደጀ ሰላም ለመንገደኛ ካህን ዳቤና ጠላ አይታጣም፤ እናንተንም አያስርቧችሁም።"

"እሺ፣ እንዳሉ" አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ግን እሺ የሚል አልነበረም።

ሁለት ቀን በእግር፣ አንድ ቀን በአውቶቡስ መጥቼ ዳቤ? ዳቤማ ሰቆጣም ሞልቷል! ሰላሕ ምን እንደሚለኝ አሰብኩና ዓይኔ እንባ ሞላ።

ይሄኔ አያ ዓሊ ከመስጊድ መጣ፤ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ፣ ፊቱ በርቶ። ከእናቴ ጋር በሰቆጣ ሰው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ተንሾካሾኩ። አባቴ የላስታ ሰው ስለ ሆነ ኽምጣኛ ብዙም አይሰማም፤ እነሱም እሱ እንዳይሰማ የሚፈልጉትን በዚያ ነበር የሚያወሩት። እኔ ከጓደኞቼ የለቃቀምኩት ስላለኝ "ሰማያዊ መጋረጃ" እና "ግራ" የሚሉትን ያዝኩ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ጥርሷን አሟታል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አያ ዓሊ ጫማውን የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣ "ፓስታ የምትፈልጊ ከሆነ፣ ከፊት ካለው የውሃ ቧንቧ ስትደርሺ በግራ በኩል ነው፤ ሰማያዊ መጋረጃ ያለው ቤት። በቀኝ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ነው" አለኝ። ቀና ብሎም ጮክ አድርጎ፣ "እኔ ምንም አላልኩም!" አለ።

"ማን አልክ አለህ?" አለ አባቴ።

ቧንቧው ጋ ስንደርስ ቆምኩ። በቀኝ ደወል ይሰማል። በግራ አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። አባቴ ከኋላዬ ምርኩዙን ይዞ፣ አምኖኝ ቆሟል። እኔ ወለተ ሐና፣ የቄስ ልጅ፣ ጿሚ፣ ምርኩዙን ወደ ግራ ሳብኩት።

ጥቂት እንደ ሄድን አባቴ አንገቱን ቀለሰ። "ወለተ ሐና፣ ደወሉን በቀኝ የሰማሁ መሰለኝ።"

"ደሴ ሲሆን ደወል ያስተጋባል፣ አባ።"

"እንዲያ ነው?"

"አዎ። ከተማ ስለ ሆነ ነው።"

ያቺን ውሸት ለንስሐ አባቴ የተናዘዝኩት በሃያ ዓመቴ ነው። ያን ቀን ግን ከመሮጥ በቀር ምንም አልታየኝም፤ አባቴን እየጎተትኩ ሰማያዊው መጋረጃ ውስጥ ገባሁ።

ቤቱ ትንሽ ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ጓዳው በር ላይ ሌላ መጋረጃ። ባለቤቷ ወፈር ያለች ሴት ናት፤ ቄስ ስታይ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች።

"የት ነው ያለነው?" አለ አባቴ፣ አግዳሚው ላይ እንዳስቀመጥኩት።

አንዳቸው ቢመልሱልኝ እኔ ዝም ባልኩ፤ ግን ሁሉም ወደ እኔ ሲያዩ ጊዜ ጨነቀኝ። "ፓስታ ቤት ነው፣ አባ። እኔ ነኝ ያመጣሁዎት። ይቅር ይበሉኝ። ግን አንዴ ከገባን..."

አባቴ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። "ዕውር ዕውርን ቢመራው ሲባል እሰማለሁ፤ ሆዳም ዕውርን ሲመራው ግን ገና ዛሬ አየሁ" አለ። ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ግን ቸኩላ፣ "ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ ጾማለች፣ ዘጠኝም ደርሷል። ዛሬን ለእሷ ይሁንላት" አለች።

"የጾም ነው?"

"የጾም ነው፣ አባቴ" አለች ባለቤቷ፤ "ፓስታውም በቲማቲምና በዘይት ነው።"

"ለልጅ ከሆነ ይሁን። ለእኔ ሽሮ ካለ አምጡልኝ።"

አያ ዓሊ አጠገቡ ተቀምጦ ሻይ አዘዘ። "እኔ ምንጊዜም ሻዬን እዚህ ነው የምጠጣ" አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ከጓዳው አንዲት ወጣት ሴት ማስታጠቢያ ይዛ ወጣች። ሰማያዊ ሻሽ አስራለች፤ እጇ እስከ ክንዷ በርበሬ ነክቶታል። በሩ ላይ ስታየን ቆመች። እናቴ ሌባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔ "አትንጫጪ" ያለችኝ መስሎኝ አፌን ዘጋሁ።

ሴትየዋ መጥታ ለአባቴ ውሃ ማፍሰስ ጀመረች። እሱ እጁን ታጠበ፣ ጨረሰ፤ እሷ ግን ታፈሳለች። ውሃው ከሳህኑ ሞልቶ መሬት ወረደ፣ የአባቴን ጫማ አራሰው።

"በቃ፣ ልጄ፣ ይበቃል" አለ አባቴ፣ ለማንኛዋም ልጅ እንደሚለው።

ሴትየዋ ከንፈሯን ነክሳ ዞረች። ያኔ ጀርባዋን አየሁት። ለምን እንደ ሆነ አላወቅኩም፤ ዘልዬ ጀርባዋ ላይ መውጣት አማረኝ። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ፣ የማላውቃት ሴት ጀርባ! ርቦኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ፓስታው መጣ። ወይ ፓስታ! የእኔ ሳህን ባለ መስተዋቱ ቤት ካየሁት ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ቀይ ወጥ ፈሶበት ይጨሳል። ሹካውን ያዝኩና እንደ ባለ ከረባቱ ሰው ልጠቀልል ብል ይንሸራተታል፤ ሁለት ጊዜ ወደ ጭኔ ወረደ። ያቺ ሴት በፊቴ ተቀምጣ፣ ምንም ሳትናገር፣ እንጀራ ቆርሳ በእንጀራው ጠቅልላ አሳየችኝ። እንደዚያ ሲሆን እንዴት ይጣፍጣል! ደሴም ሰቆጣም አንድ ላይ አፌ ውስጥ ገቡ። ሴትየዋ ዓይኗን ከእኔ አትነቅልም። ሳህኗን እስክጨርስላት እየጠበቀች መስሎኝ ፈጠን ፈጠን አልኩ።

ሽሮውም ቀርቦ ነበር። አባቴ ባረከ፣ ቆረሰ፣ ጎረሰ። ከዚያ አላኘከም።

ድንጋይ አገኘው ብዬ አየሁት። አባቴ ቀስ ብሎ ዋጠና ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። አያ ዓሊ የሻይ ብርጭቆውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።

"ይህ ጦስኝ የደጋችን ነው" አለ አባቴ። "ሽሮ ላይ ጦስኝ የሚጨምር ደግሞ አንድ ቤት ነው የማውቅ።"

ባለቤቷ ወደ ሴትየዋ ዞር አለች።

"ማን ነው ይህን የሠራ?"

"እኔ እንዳልናገር ምያለሁ!" አለ አያ ዓሊ፣ እንደ ደነገጠ ሰው።

"ማንን ነው የማትናገረው?"

"የማልናገራትን ነዋ!"

እናቴ ወይ መሳቅ ወይ ማልቀስ አማራት፤ የትኛው እንደ ሆነ አሁንም አላውቅም፤ ብቻ ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ። አባቴ እንጀራውን ከፊቱ ፈቀቅ አደረገው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እኔ መጣላት ሊመጣ ነው ብዬ ፓስታዬን በክንዴ ከለልኩት።

"እኔም ምያለሁ" አለ አባቴ በመጨረሻ። "ሳላውቅ የቀመስኩትን አምላክ ይፍታኝ። አውቄ አልጨምርም።"

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። አባቴ እንጀራውን መልሶ ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ እንደገና ወደ ማዕዱ እጁን ሰደደ፤ ቆረሰ፣ ሽሮውን አጥቅሶ ጠቀለለ፣ ጠቅልሎም ወደ አየሩ ዘረጋው። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ለበዓል የሚሰጥ ዓይነት።

"ከእጇ አልቀምስም ነው ያልኩ" አለ። "ከእጄ አትቅመስ አላልኩም።"

እጁ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ዓይኑ አያይምና የተዘረጋው ወደ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ከሁሉም ይልቅ ለእኔ ይቀርባል። በቤታችን ከአባቴ እጅ ጉርሻ የሚቀበል ማን ነው? እኔ! ዘወትር እኔ! ፓስታዬን ትቼ ዘለልኩና በአንድ አፍ ጎረስኩት።

እናቴ "ወይኔ ልጄን!" ብላ ጮኸች። ባለቤቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አያ ዓሊ "ላ ኢላሃ..." ብሎ ቀረ። እኔ ጉንጬ ተወጥሮ፣ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ፣ አንዱን ከአንዱ አያለሁ።

አባቴ ጣቶቹን ደባበሰ። "ይህ ጥርስ የወለተ ሐና ነው" አለ። ከዚያ ሳቀ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እንባው በጢሙ ይወርዳል፣ እሱ ይስቃል። "ደግ ነው፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለና ሁለተኛውን ጠቀለለ። "ይታየሽ፣ ነይ፣ ይቺ ልጅ ሳትቀድምሽ።"

"ይታየሽማ ገዳም ናት!" አልኩ እኔ፣ አፌ እንደ ሞላ።

ሴትየዋ ተንበርክካ መጣች፤ የአባቴን ጉልበት ይዛ ጎረሰች። ጎንበስ ስትል ሻሿ ሸርተት አለና የአንገቷ ሥር ታየ። ምልክቷ እዚያው ነበረች። ጮኼ ጀርባዋ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ጠረጴዛው ሊገለበጥ ለጥቂት ቀረ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ፓስታ፣ እህት፣ ሁለቱንም በአንድ ቤት!

ነገሩ ግን አላለቀም። የጎረሰ ያጎርሳል። ይታየሽ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ፣ ከዚያው ማዕድ ትንሽ ጉርሻ ጠቀለለችና ወደ አባቴ አፍ አስጠጋች። አባቴ አፉን አልከፈተም። ከንፈሩ ላይ ስትደርስ ጭራሽ ገጠመው። የይታየሽ እጅ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

ምን ሆነው ነው ሁሉም የሚያዩት? ሰውየው ዓይኑ አያይም! ጉርሻ እንደ ተዘረጋለት ማን ነገረው? ከይታየሽ ጣቶች ላይ ጉርሻውን ቀማሁና በቀኝ እጄ አገጩን ይዤ፣ "አባ፣ አፍዎን ይክፈቱ፣ ጉርሻ ነው!" አልኩት።

"ከማን እጅ?" አለ።

"ከእኔ ነዋ! ከወለተ ሐና!"

"ከወለተ ሐና እጅ ከሆነ፣ አልማልኩም" አለና አፉን ከፈተ።

ያንን ማዕድ እንዲሁ ጨረስነው። ይታየሽ ትጠቀልላለች፣ እኔ አቀብላለሁ፣ አባቴ ይጎርሳል። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች፤ አያ ዓሊ አራተኛ ሻዩን አዟል። በልጅነቴ ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ አባቴ በእያንዳንዱ ጉርሻ ላይ ለምን "ከማን እጅ?" እያለ እንደሚጠይቀኝ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ እየጮኽኩ እመልስለት ነበር።

ሰኞ ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈለት። አባቴ ወፍራም መነጽር አድርጎ ሰቆጣ ገባ፤ መቅደሱም ተመለሰ። የዝቋላዎቹን ነገር ሽማግሌ ጨረሰው። በዓመቱ ለፋሲካ ይታየሽ መጣች። ማዕዱ ቀርቦ ጉርሻዋን ስትዘረጋ አባቴ በመነጽሩ ውስጥ አያት፤ ጉርሻውንም አየ። አፉን ግን ገጠመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተመለከተኝ።

ደሴ ላይ ያልከፈተው ስላላየ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። እጄን ዘረጋሁ፤ ይታየሽ ጉርሻውን መዳፌ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲያ በየፋሲካው ሥራዬ ሆነ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ የእኔ ግን ሰባት ፋሲካ በቅቷል።

በ1962 ዓ.ም. እኔ ደሴ ትምህርት ላይ ነበርኩ። ለፋሲካ ይታየሽ ቀድማኝ ሄደች፤ እኔ እከተላለሁ ብዬ አውቶቡስ አጥቼ ቀረሁ። በዓሉን ያሳለፍኩት አባቴ ምን በልቶ ይሆን እያልኩ ነው። እናቴ በኋላ ደሴ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቅኳት ይህንኑ ነበር።

"እስከ ቀትር ጠበቀሽ" አለችኝ። "ዶሮው ቀዘቀዘ። በር በሩን ያያል፣ መነጽሩን ይወለውላል፣ መልሶ በሩን ያያል። በኋላ 'ይቺ ልጅ ዛሬ አትመጣም' አለና ወደ ይታየሽ ዞሮ አፉን ከፈተ።"

"መሐላውስ?"

"ለንስሐ አባቱ ነገረ። ሰባት ቀን እንዲጾም ፈረዱበት፤ በዓለ ሃምሳ ስለ ሆነ ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ቆየለት። እንደዚህ ደስ ብሎኝ የምጾመው ጾም የለም ይላል።"

ደስ አለኝ፤ ደስ ብሎኝም ቀናሁ። ሰባት ዓመት የእኔ የነበረ ቦታ ነበር።

"ስንት ጎረሰ፣ እማ?"

"ሁለት" አለችኝ እናቴ። "አንድማ ያጣላል።"